ኃጢአት ያጣው በርሜል ሠሪ

በመንደራችን በብራክስቴድ ድሃ መሆን ያሳፍራል፤ ሰነፍ መሆን ያስቀጣል፤ ኃጢአት አጥቶ መገኘት ግን ከሁለቱም ይብሳል። ጌርሳም ፔክ ይህን የተማረው በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ትምህርቱም በርካሽ አልመጣለትም።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር ከእንግሊዝ ባሕር ተሻግሮ ወደዚህ አገር መጣ። አባቱ በሁለተኛው ክረምት በሳል ሞተና መጥረቢያውን፣ መላጊያውንና ዝምታውን አወረሰው። ጌርሳም ከዚያ ወዲያ በርሜል ሲሠራ ኖረ፤ የሠራው በርሜል ጠብ አይልም፤ ዓሣ አጥማጆቹ ጨዋማ ዓሣቸውን ከሱ በርሜል በቀር ለሌላ አያምኑትም። ሰው አልሰደበም፤ ከሰው አልተጣላም፤ የጎረቤት ከብት ሲጠፋ ሳይጠሩት ወጥቶ ይፈልጋል። እንቅልፉ እንደ ግንድ ነው፤ በተለይ ስብከት ላይ። ይህን የሰማ የዋህ እንግዳ «እንግዲያው መልካም ሰው ነዋ!» ይል ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው የኛን ትምህርት አልተማረም። በኛ ዘንድ መልካም ሰው ማለት ገና ያልተያዘ ሰው ማለት ነው።

ሰንበት ሰንበት ወደ ስብሰባው ቤት መምጣት የሁሉም ግዴታ ነው፤ የቀረ ይቀጣል። የኪዳኑ፣ ማለትም የጉባኤው፣ አባል መሆን ግን ሌላ ነገር ነው። አባል መሆን የሚሻ ሰው በጉባኤው ፊት ይቆምና እግዚአብሔር እንዴት እንደሰበረው፣ ልቡን ከፍቶ ሲያይ ምን ዓይነት የእባብ ጉድጓድ እንዳገኘ፣ በዚያ ጉድጓድ ስንት ወር እንደጮኸ፣ በመጨረሻም ጸጋ በየትኛው ቀን እንዳወጣው ይተርካል። ጉባኤው እንደ ፈረስ ገዢ ጥርሱን ያያል፤ ከዚያ እጅ ያወጣል። ያለፈው «ወንድም» ይባላል። ያላለፈው እስኪሞት ድረስ «ጎረቤት» ነው። የጎረቤት ልጅ ደግሞ አይጠመቅም።

የጌርሳም ጭንቀት ሁሉ እዚህ ላይ ነበር። ሁለት ልጆች ያለ ጥምቀት ቀብሯል። ሦስተኛዋ፣ ቃስያ፣ በጥር ውርጭ ተወለደች፤ እጅ የማትሞላ ነገር ናት፤ በሳምንቷ ማሳል ጀመረች። ፓስተር ኦርምስቢ ውሃው ነፍስ እንደማያድን፣ የተመረጠ ዓለም ሳይፈጠር እንደተመረጠ፣ ያልተመረጠም ባሕር ቢደፉበት ደረቅ እንደሚሆን በየሰንበቱ ያስተምራል። ውሃው አያድንም ይላሉ፤ የማያድነውን ውሃ ግን ከምስኪን ሕፃን ላይ እንደ ወርቅ ይቆጥቡታል።

የጌርሳም ሚስት ሰብሚት ትባላለች። ትርጉሙ በእንግሊዝኛ «ተገዢ» ነው፤ ስሙን ያወጡላት ሰዎች ገና አፏን ሳትከፍት ቸኩለው ነው። እሷን ቀድመው መርምረዋት ነበር። «በልቤ ያለውን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ባርኔጣ ሠሪ ምን አገባው?» ብላ ወጣች። ባርኔጣ ሠሪው የጉባኤው ሽማግሌ ቤርዜሊ ክሬን ነው፤ እስከ ዛሬ አልረሳላትም። ስለዚህ የቀረው መንገድ ጌርሳም ነበር።

«ይህችን ያለ ውሃ አልቀብራትም» አለችው ሰብሚት ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ። «ሁለቱን ቀብሬአለሁ። ይበቃኛል። ሂድና የሚሉህን በላቸው።»

ሄደ። ፓስተሩ ከሽማግሌ ቤርዜሊ ጋር በቤቱ እሳት ዳር ተቀምጦ ጠበቀው። ጌርሳም ወንበር አልተሰጠውም።

«ጎረቤት ፔክ፣ ልብህን መርምረሃል?» አለ ሽማግሌው።

«መርምሬአለሁ።»

«ምን አገኘህ?»

ጌርሳም ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ። «ብዙም ነገር የለም።»

«ብዙም ነገር የለም!» ሽማግሌው ወደ ፓስተሩ ዞረ። «ይሰማሉ? የንጉሥ ዳዊት ልብ ሲመረመር የሰው ሚስትና የሰው ደም ተገኘ፤ የበርሜል ሠሪው ልብ ሲመረመር ብዙም ነገር የለም። እስቲ አንድ በአንድ እንሂድ። ትዕቢት?»

«በበርሜሎቼ፣ ጥቂት።»

«ጥላቻ?»

ጌርሳም አሰበ። «ያንን የእርስዎን አውራ ዶሮ ጠልቼው ነበር። ሞተ።»

«አንተ ገደልከው?» ሽማግሌው በወንበሩ ላይ ወደ ፊት ሳብ አለ፤ ድምፁ ውስጥ ተስፋ ነበረ።

«ቀበሮ ነው።»

«እሺ፣ የሥጋ ምኞት?»

«ሰብሚትን።»

«እሷ ሚስትህ ናት!»

«አዎን። ስለዚሁ ነው ያገባኋት።»

ፓስተር ኦርምስቢ መነጽሩን አወለቀ፤ ጌርሳምን ሐኪም ተስፋ የቆረጠበትን በሽተኛ እንደሚያይ አየው። «ሌባ ብትሆን ይሻልህ ነበር፣ ጎረቤት ፔክ። ሌባ ሌባ መሆኑን ያውቃል፤ ማታ ማታ ይንቀጠቀጣል። አንተ ደግነትህን ተንተርሰህ እያንኮራፋህ ወደ ገሃነም እየሄድክ ነው። ኃጢአት የለህም ማለት አይደለም። አለህ፤ አልታየህም። ሂድና ፈልግ።»

ሂድና ፈልግ አሉት፤ እንደ ጠፋች ላም።

ቤት ሲገባ ሰብሚት የበቆሎ ገንፎውን አቀረበች። «ምን አሉህ?»

«ኃጢአት አነሰህ አሉኝ።»

«ስንት ይበቃል አሉ?»

«አልነገሩኝም።»

«ቤርዜሊ ራሱ ምን አቅርቦ ነው የገባው?»

«በወጣትነቱ እንግሊዝ አገር በግንቦት በዓል ጨፍሮ ነበር። ሰባት ወር አለቀሰበት።»

«ያን እግር ይዞ የጨፈረ ሰው ሰባት ወር ማልቀስ ሲያንሰው ነው» አለች ሰብሚት። ሁለቱም ሳቁ፤ ሕፃኗ ሳለችና ሳቁ ቆመ። ሳሉ ረጅም ነበር። ሲያበቃ ሰብሚት ቀና ብላ አላየችውም። «ከሌለህ ሥራ» አለችው። «ሠሪ አይደለህም እንዴ?»

ጌርሳም ሥራ ያውቃል። የሚሠራው ነገር እስኪገጥምለት ደግሞ አያርፍም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳንቃ እየላገ ኃጢአቱን ሲገጣጥም ሰነበተ። ስርቆት አይሆንም፤ ተሰርቄአለሁ የሚል ሰው ያስፈልገዋል። ዝሙት አይሆንም፤ ሰብሚት አለች። በመጨረሻ ኤልያቄም ቶርን ትዝ አለው፤ ሙት ደግሞ አይከራከርም።

ኤልያቄም ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በመጋቢት፣ በሰንበት ከቀትር በኋላ፣ ስብሰባውን ትቶ የጠፋች ላም ሲፈልግ የወንዙ በረዶ ተሰብሮበት የሰመጠ ሰው ነው። ፓስተር ኦርምስቢ በሬሳው ላይ ሁለት ሰዓት ሰበከ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ እስከ አሥራ አንደኛ። የስብከቱ ፍሬ አንድ ነበር፦ ሰንበትን የሻረውን እግዚአብሔር በገዛ እጁ አሰጠመው። መበለቲቱ ጣቢታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ ሰማች። በሚቀጥለው ሰንበት ቦታዋ ወደ በሩ ተዛውሮ ቆያት፤ ነፋስ የሚገባበት።

የጌርሳም የሥራ ጎጆ ከዚያው ወንዝ ዳር ናት። ሳንቃው ሁሉ ገጠመለት።

በየካቲት ሁለተኛው ሰንበት በጉባኤው ፊት ቆመ። ብርዱ የሰውን ትንፋሽ ጭስ ያደርገው ነበር።

«ኤልያቄም ቶርን በሰመጠበት ቀን» አለ ጌርሳም፣ «አመመኝ ብዬ ከስብሰባ ቀረሁ። አልታመምኩም ነበር። የሥራ ጎጆዬ ውስጥ እሳት አንድጄ ሳንቃ አጎብጥ ነበር።»

«በሰንበት!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«በሰንበት። ከወንዙ ጩኸት ሰማሁ። ሰው እንደሆነ አውቄአለሁ። ሳንቃው ግን እሳት ላይ ነበር፤ ትቼው ብሄድ ይሰበራል። ሌላ ሰው ይደርስለታል አልኩ። ሁለተኛ ጮኸ። ሳንቃውን አገላበጥኩት። ሦስተኛ አልጮኸም።»

ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት እንዴት እንደጨለመበት ተናገረ፤ ድምፁ ተሰበረ፤ እንባው ወረደ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ የሁለቱን ልጆቹን መቃብር እያሰበ ነው ያለቀሰው። ጉባኤው ግን እንባን ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። ሽማግሌ ቤርዜሊ በጨርቅ ሙሉ ተናፈጠ፤ አውራ ዶሮው ሲሞት እንዲህ አላለቀሰም። ወንዶቹ ሁሉ እጅ አወጡ። ሴቶች እጅ አያወጡም፤ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ጣቢታ ቶርን ግን እንባም አላወጣች፤ ትኩር ብላ ጌርሳምን አየችው።

ሲወጡ አቀፉት። «ወንድም ጌርሳም! እንዲህ ያለ ኃጢአት በመካከላችን ተደብቆ ኖሯል?» አሉት፤ የሚመርቁት ይመስል ነበር። ፓስተሩ «ይህ ለቦስተን ወንድሞች ይጻፋል» አለ። በአጎራባች መንደር ያሉት ባለፈው ዓመት አንድ አረቄ ጠጪ ብቻ ነበር ወደ ንስሐ የመለሱት። የቃስያ ጥምቀት ለሚቀጥለው ሰንበት ተቆረጠ።

ያን ሌሊት ጌርሳም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ አጣ። የጣቢታ ዓይን አልለቀው አለ። ሰኞ ረፋዱ ላይ ፓስተሩ ቤት ሄደ። ፓስተሩ እየጻፈ ነበር።

«ፓስተር፣ አንድ ሰው በምስክርነቱ ላይ ያልነበረ ነገር ጨምሮ እንደሆነስ?»

«ምን ያህል?»

«ሁሉንም።»

ፓስተሩ ብዕሩን አስቀመጠና ፈገግ አለ። «መጣብህ! በሦስተኛው ቀን ይመጣል ብዬ ነበር፤ በማግሥቱ መጣ። ሰይጣን ነው፣ ወንድም ጌርሳም። የዳነውን ሁሉ እንዲህ ነው የሚፈትነው፤ ‹አልሠራኸውም› ይልሃል።»

«ግን እኮ አልሠራሁትም።»

«በትክክል እንዲህ ነው የሚለው። በዚሁ ድምፅ።»

«ፓስተር፣ ድምፁ የኔ ነው።»

«ታዲያ የማንን ድምፅ ይበደር?»

ጌርሳም በሌላ በኩል ሞከረ። «ያን ጊዜ ኤልያቄምን እግዚአብሔር ቀጣው ብለው ሰብከው ነበር። አሁን እኔ ከሆንኩ…»

«ቀጥቶታል። ባንተ ጆሮ ቀጣው። የሱ ቅጣት፣ ያንተ ኃጢአት፤ አንዱ አንዱን አያፈርስም።» ፓስተሩ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ጌርሳም ሠሪ ነውና አደነቀ፤ በሕይወቱ እንዲህ ያለ መጋጠሚያ አላየም፤ ውሃ አያስገባም፣ ውሃም አያስወጣም።

ረቡዕ በቀትር ጣቢታ ቶርን የሥራ ጎጆው በር ላይ ቆመች።

«ወንድም ጌርሳም» አለች፤ ቃሉን እንደ ጎምዛዛ ፖም እየመጠጠች።

«እመት ጣቢታ፣ ምን ብዬ…»

«ያን ቀን የት ነበርክ?»

ጌርሳም መላጊያውን አስቀመጠ።

«እኔ ልንገርህ። በወንዶቹ ወገን፣ ሦስተኛው ወንበር፣ ምሰሶው ሥር ነበርክ። አፍህን ከፍተህ ታንኮራፋ ነበር። ያ እንቅልፋሞችን የሚቀሰቅሰው ሰውዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዱላው እንቡጥ ግንባርህን ቢልህ ‹ክዳኑ አልገጠመም!› ብለህ ጮህክ። ቤቱ ሙሉ ሰማህ።»

ጌርሳም ያን ቀን የት እንደነበረ ረስቶት ነበር። ሰው ተኝቶ የዋለበትን ቀን በምን ያስታውሰዋል? ጉባኤውም በልቅሶ ስለተጠመደ ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ የቆጠረ አልነበረም። ገዳይ ነኝ ያለውን ሰው፣ ገደልኩ ባለበት ሰዓት ራሳቸው ከበውት ተቀምጠው ነበር።

«ሳቅሁ» አለች ጣቢታ። «በመጎናጸፊያዬ አፌን አፍኜ ሳቅሁ። ማታ ለኤልያቄም እነግረዋለሁ ብዬ አስቀመጥኩት። እሱ ያን ሰዓት ውሃ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም፤ ስለዚህ ቀኑ አይጠፋኝም።»

ጌርሳም ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ ግን ብድግ አለ። «እንሂድ! ፓስተሩ ጋ እንሂድ። እኔን አላመነኝም፤ አንቺ ብትመሰክሪ…»

«እሄዳለሁ ያለህ ማን ነው?»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«አፍህን እንድትዘጋ ልነግርህ።» ወደ ውስጥ ገባች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዘጠኝ ዓመት እግዚአብሔር የገደለው ሰው ሚስት ነኝ። ልጆች በበሬ ሲያልፉ ይሮጣሉ። ቅቤዬን የሚገዛኝ የለም፤ የተረገመ እጅ ነው የናጠው ይላሉ። ለአንዲት ላም ብሎ የሄደ ሰው! የላሟ ወተት ደግሞ ወደማን ቤት ይሄድ ነበር? ወደ ፓስተሩ ቤት። ይህን ግን በአሥራ አንዱም ነጥብ አላነሳውም። ከሰንበት ወዲህ ሦስት ሴቶች የተጋገረ ዱባ ይዘውልኝ መጡ። ‹ምስኪን ኤልያቄም፤ ያ ጨካኝ እየሰማ ጥሎት› ይላሉ። ምስኪን አሉት! ዘጠኝ ዓመት ምስኪን ያለው አልነበረም።»

«ግን እውነት አይደለም፣ እመት ጣቢታ።»

«የእነሱስ እውነት ነበር?»

ጌርሳም እጁን በሽርጡ ጠረገ።

«ገዳዩ እግዚአብሔር ሲሆን ምን ታደርገዋለህ?» አለች። «አትከሰው፣ አትሰድበው፤ ጎንበስ ብለህ አመሰግናለሁ ትላለህ እንጂ። አንተን ግን እችልሃለሁ። ከእግዚአብሔር አንተ ብትሆን ይሻለኛል። አንተ ለልጅህ ውሃ ፈለግህ፤ እኔ ለሙቴ ስም ፈለግሁ። ውሸቱን አንተው ጋገርከው፤ ሁለታችንም በላን። አሁን ብትተፋው በሁለታችንም ላይ ነው የምትተፋው።» ወደ በሩ ስትደርስ ዞረች። «ሽማግሌው ይቅር ብለሽዋል ወይ ቢለኝ፣ ብዬዋለሁ እላለሁ። መንገድ ላይ ግን ሰላም አልልህም። እንደዚያ ካልሆነ ማን ያምናል?»

ለሰብሚት ሁሉንም ነገራት። ሰብሚት እስኪጨርስ ሰማችው።

«እኔ ሥራ ስልህ ማንቆርቆሪያ መስሎኝ ነበር» አለች። «አንተ መርከብ ሠራህ።»

«ልተወው? ሰንበት ተነስቼ ዋሽቻለሁ ልበል? አያምኑኝ ይሆናል፤ ካመኑኝ ግን አባልነቱ ይፈርሳል፤ ጥምቀቱም ይቀራል። ምን ትያለሽ?»

ሰብሚት የምትለው የማታጣ ሴት ናት። «ቃስያ ከጧት ጀምሮ አልጠባችም» ብቻ አለች።

ሰንበት ጌርሳም ሕፃኗን ታቅፎ ወደ ፊት ወጣ። በሳህኑ ያለው ውሃ የበረዶ ቆብ ሠርቶ ስለነበር ሽማግሌ ቤርዜሊ በከዘራው ጫፍ ሰበረው። ፓስተሩ ከመጀመሩ በፊት እንደ ሥርዓቱ ተቃዋሚ እንዳለ ለማየት ጉባኤውን ተመለከተ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። ጌርሳም አፉን ከፈተ። በሩ አጠገብ የነበረችው ጣቢታ ሁለት ወንበር ወደ ፊት ተዛውራለች፤ ወደ እሱ ታያለች። ሰብሚትም ታያለች። ሕፃኗ እጁ ላይ አሳለች። አፉን ዘጋው። ፓስተሩ በረዶማውን ውሃ ግንባሯ ላይ አደረገ፤ ቃስያም፣ ሳንባ የላትም የተባለችው ልጅ፣ ጣሪያውን የሚያነሳ ጩኸት ጮኸች።

ተረፈች። በመጋቢት ሳሉ ለቀቃት፤ በግንቦት ወፍራ ቁጭ አለች። ባትጠመቅም ትተርፍ ነበር የሚሉ አሉ፤ የኛ ትምህርት ራሱ የሚለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጌርሳም ስሙን የሸጠበት ነገር ምን እንደሆነ የሚነግረው አንድም ሰው አልነበረም።

ሒሳቡ ግን ቀስ እያለ መጣ። ጉባኤው በስብሰባው ቤት ውስጥ ይቅር ብሎታል፤ በመንገድ ላይ ግን አልማረውም። ውስጥ «ወንድም» የሚሉት፣ ደጅ ሲወጡ ልጃቸውን በሌላኛው ጎናቸው ያደርጋሉ። ከብት ሲጠፋ እሱን የሚጠራ ቀረ። ሳይጠሩት ሲወጣ ደግሞ «ተወው ወንድም፣ ሳንቃህ ይሰበራል» አሉት። በረዶ ሲጀምር እናቶች ልጆቻቸውን «ወንዝ ዳር አትጫወቱ፤ ብትወድቁ የሚሰማችሁ ጌርሳም ነው» ብለው ያስፈራራሉ።

አዲስ አባል ሊመረመር በመጣ ቁጥር ፓስተሩ የጌርሳምን ምስክርነት ለምሳሌ ያነሳል፤ ባነሳው ቁጥርም ታሪኩ ይወፍራል። በሦስተኛው ዓመት ጩኸቱ ሁለት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ሆነ። በአምስተኛው ዓመት ኤልያቄም ጌርሳምን በስሙ ይጠራው ጀመር። ጌርሳም ወንበሩ ላይ ሆኖ ይሰማል፤ አያንቀላፋም። እንቅልፋሞችን የሚቀሰቅሰው አዲሱ ባለ ዱላ ስለ ትጋቱ ያመሰግነዋል።

ጣቢታ ቃሏን ጠበቀች፤ አንድ ቀን ሰላም አላለችውም። በአራተኛው ዓመት አንድ ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ አገባት፤ ቅቤዋን ሰው እየተሻማ ገዛት፤ ቦታዋም ሁለተኛ ረድፍ ደረሰ። ለድግሱ ጌርሳም አልተጠራም፤ ይጠራል ብሎም አልጠበቀ። ሳቋን ግን ከሥራ ጎጆው ሆኖ ሰማ። ጥሩ ሳቅ ነበር፤ ትልቅ። መላጊያውን አቁሞ እስኪያበቃ አዳመጠ።

ቃስያ ሰባት ዓመቷን በደፈነች በበጋው አንድ ቀን፣ በቅርጫት ሰማያዊ እንጆሪ ለቅማ ወደ ሥራ ጎጆው መጣች። ሌላ ጊዜ ሮጣ ገብታ ፍቅፋቂው ላይ ትንከባለል ነበር። ያን ቀን ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አባባ።»

«ወዬ።»

«የቤርዜሊ የልጅ ልጅ የነገረችኝ እውነት ነው? ያ ሰውዬ ሲጮህ ሰምተህ ነበር?»

ጌርሳም ቀና ብሎ አያት። ቀላ ያለ ጉንጭ፣ በእንጆሪ የቆሸሸ አፍ፤ ሙሉ ጤና። አልሰማሁም ቢላት ምን እንደሚሆን አንድ በአንድ ታየው። የሰባት ዓመት ልጅ ምሥጢር አትይዝም፤ «አባቴ አልሰማም፤ ስብሰባ ቤት ተኝቶ ነበር» ብላ በደስታ እየዘለለች ትናገራለች። እስኪመሽ ሽማግሌው ይሰማል። ጣቢታ አዲስ ባሏን ይዛ ወደ በሩ ትመለሳለች። ቃስያም በውሸት የተጠመቀች፣ በሌብነት ኪዳን የገባች ልጅ ትሆናለች፤ ብራክስቴድ ውስጥ እንዲህ ያለ ስም ካንዲት ልጅ ላይ እስክታረጅ አይወርድም።

«ሰምቻለሁ» አላት።

«ሦስቴ?»

«ሁለቴ።» ይህን እንኳ አስተካከለ። ሥራው ነውና ሲያጣምሙበት አይወድም።

«ለምን አልሄድክም ታዲያ?»

ለጉባኤው ያቀረበው ረጅም መልስ ነበረው፤ ስለ ሰው ልብ ጥልቀት፣ ስለ ጨለማው ዘጠኝ ዓመት። ፓስተሩ ደግሞ የበለጠ አሳምሮለታል። ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን ግን በዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ቃል አላገኘም።

«እንጃ» አለ።

ቃስያ አላለቀሰችም። ቅርጫቷን አነሳች፤ ወደ ቤት የሚወስደውን አጭሩን መንገድ፣ በጎጆው ጀርባ በወንዙ ዳር የሚያልፈውን፣ ትታ፣ በላይ በኩል በማሳው ዞራ ወደ እናቷ ሄደች።